«እስራኤል ሁሉ ይድናል» ሲባል፦ ስለ ትንቢትና ስለ እስራኤል የወደፊት ዕጣ ለመጡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ለዚህ ዕትም ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ብሉይ ኪዳን ለእስራኤል የሰጠው ተስፋ ዛሬ ማንን ይመለከታል? ተመሳሳይ የሆኑትን አጣምረን መልሰናል። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በተለይ የዳንኤልን ሱባኤ ራሳችሁ የምታሰሉ ይህን ልብ በሉ፤ ሁለቱን አቆጣጠሮች የሚያደባልቅ ሰው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይስታል።

ጥያቄ፦ ኢሳይያስ 66፥8 «በአንድ ጊዜ ሕዝብ ይወለዳልን?» ይላል። ሕዝቅኤል 37 ደግሞ የደረቁ አጥንቶች እንደሚነሡ ይናገራል። ሁለቱም ሜይ 14 ቀን 1948 የእስራኤል መንግሥት ሲታወጅ ተፈጸሙ ማለት ትክክል ነው?

በመጀመሪያ ሁለቱን ክፍሎች ለየብቻ እንያቸው፤ አብረው ሲጠቀሱ አንዱ የሌላውን ድካም ይሸፍናልና።

ኢሳይያስ 66ን ከቁጥር 7 ጀምራችሁ አንብቡ። ጽዮን የወለደችው ምጥ ሳይመጣባት ነው ይላል። የ1948ቱ መንግሥት ግን የተወለደው ከአሥርተ ዓመታት ትግል፣ ስድስት ሚሊዮን አይሁድ ከተጨፈጨፉበት እልቂትና ከጦርነት ጋር ነው። በዚያው ጦርነት ከ700,000 በላይ ፍልስጤማውያን ከቤታቸው ተፈናቅለዋል። ቁጥር 7ን ትቶ ቁጥር 8ን ብቻ መጥቀስ ክፍሉን መቁረጥ ነው።

ሕዝቅኤል 37 ጠንከር ያለ ነው። ነቢዩ ራሱ ከ597 ከክርስቶስ ልደት በፊት ጀምሮ በባቢሎን ምርኮ ላይ ነበር። ቁጥር 11 «አጥንቶቻችን ደርቀዋል፣ ተስፋችንም ጠፍቶአል» ያሉት ምርኮኞቹ እንደ ሆኑ ይናገራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ፍጻሜ በ538 ከክርስቶስ ልደት በፊት ቂሮስ ባወጣው አዋጅ የሆነው መመለስ ነው፤ ዕዝራ 2፥64 ከተመለሱት 42,360ውን ይቈጥራል። እዚህ ላይ «እንግዲህ ተፈጽሞ አልቋል» የሚል ሰው ግን ይቸኩላል። ምዕራፉ በቁጥር 14 መንፈስ እንደሚፈስ፣ በቁጥር 22 ሁለቱ መንግሥታት አንድ እንደሚሆኑ፣ በቁጥር 24 ደግሞ ዳዊት እንደሚነግሥ ይናገራል፤ ከባቢሎን መመለስ እነዚህን አልሞላም። ቀሪው በክርስቶስና በበዓለ ሃምሳ ተሞላ የሚሉ አሉ፤ ገና ለእስራኤል ይጠበቃል የሚሉም አሉ። እውነተኛው ክርክር ያለው እዚህ ነው።

አንድ ስውር እንቅፋት አለ። በዘዳግም 30፥1-5 መጀመሪያ ንስሐ ይመጣል፣ ከዚያ መሰብሰብ። በሕዝቅኤል 36፥24-27 ግን መጀመሪያ መሰብሰብ፣ ከዚያ አዲስ ልብ። «አይሁድ ሳያምኑ መመለሳቸው ትንቢት አይደለም» የሚሉ በዘዳግም ይደገፋሉ፤ «በትክክል እንደ ተተነበየው ነው» የሚሉ በሕዝቅኤል። ሁለቱም ጥቅስ አላቸው፤ ሁለቱም የሌላውን ጥቅስ ሲዘልሉ እናያለን።

ኢሳይያስ 11፥11 «ሁለተኛ ጊዜ» ይሰበስባቸዋል ስለሚል፣ የባቢሎኑ አንደኛ፣ የ1948ቱ ሁለተኛ ነው የሚል ማስረጃ የላኩልን ሁለት አንባቢዎችም አሉ። አምስት ቁጥር ወደ ታች ውረዱ። ቁጥር 16 የመጀመሪያውን ራሱ ይነግራችኋል፦ ከግብፅ የወጡበት ቀን ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ከአሦርና ከባቢሎን መመለስ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ሰባኪያችን ሮሜ 11፥26 «እስራኤል ሁሉ ይድናል» የሚለው ቤተ ክርስቲያንን ነው ይላል። ሌላው ደግሞ እንዲህ ማለት «የመተካት ትምህርት» (ቤተ ክርስቲያን የእስራኤልን ቦታ ወሰደች የሚል) ነው ብሎ ያወግዘዋል። ማን ነው ትክክል?

ጥቅሱ ሦስት ትርጓሜዎች አሉት። አንደኛው የተሐድሶው መሪ የካልቪን ነው፦ ከአይሁድም ከአሕዛብም የዳኑት ሁሉ። ሁለተኛው፦ በየዘመኑ በክርስቶስ የሚያምኑ የአይሁድ ቅሬታዎች (የቀሩ ወገኖች) ድምር። ሦስተኛው፦ በመጨረሻ ዘመን አይሁድ በብዛት ወደ መሲሑ መመለሳቸው።

ለመምረጥ ሁለት ቃላትን መመርመር ይበቃል። የመጀመሪያው «እስራኤል» ነው። ጳውሎስ በቁጥር 25 «ድንዛዜ በእስራኤል በአንዳንድ በኩል ሆነባቸው» ሲል ቤተ ክርስቲያንን ማለቱ ሊሆን አይችልም፤ ቤተ ክርስቲያን አልደነዘዘችምና። በሚቀጥለው ቁጥር ያለ ምንም ምልክት ትርጉሙን ለወጠ ማለት ይከብዳል። በ9፥6 «ከእስራኤል የሚወለዱ ሁሉ እስራኤል አይደሉም» ማለቱ እውነት ነው፤ ግን እዚያ የሚያደርገው ከእስራኤል ውስጥ መለየት ነው፣ አሕዛብን እስራኤል ብሎ መጥራት አይደለም። ሁለተኛው ቃል «እንደዚሁም» ነው። የግሪኩ ቃል «ሁቶስ» በዋናነት የሚገልጸው አኳኋንን ነው፤ «ከዚያ በኋላ» ብሎ ጊዜን መቍጠር ዋና ሥራው አይደለም። ስለዚህ ከዚህ ቃል ብቻ ተነሥቶ የመጨረሻ ዘመን የጊዜ ሰሌዳ መሥራት አይቻልም።

የእኛ ሚዛን ወደ ሦስተኛው ያደላል፤ ዋናው ምክንያታችን ቁጥር 28 ነው። «በወንጌል በኩል ጠላቶች» የተባሉት «ስለ አባቶች ተወዳጆች» ከሆኑት ጋር አንድ ሰዎች ናቸው፤ ይህ ስለ ቤተ ክርስቲያን ሊባል አይችልም። ነገር ግን በምዕራፉ ውስጥ ስለ ምድር፣ ስለ መንግሥት፣ ስለ ድንበር አንድም ቃል የለም። የአይሁድን ድነት ከምዕራፉ ያነበበ ሰው ድንበርንም ከዚያው ምዕራፍ እንዳገኘ አድርጎ ሲናገር ከተሰማ፣ ድንበሩን ያመጣው ከሌላ ቦታ ነው፤ ከየት እንደ ሆነ ይጠየቅ።

«የመተካት ትምህርት» የሚለው ስም በብዛት የስድብ ያህል ያገለግላል። አሕዛብ በአብርሃም ዘር ውስጥ ገቡ ማለት (ገላትያ 3፥29) እና እግዚአብሔር አይሁድን ጣለ ማለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሁለተኛውን ጳውሎስ በ11፥1 «አይደለም» ብሎ ዘግቶታል። በወይራው ምሳሌ (11፥17-24) ዛፉ በሌላ አልተተካም፣ አልተቈረጠም፤ ቅርንጫፎች ወጡ፣ ሌሎች ገቡ፣ የወጡትም ተመልሰው ሊገቡ ይችላሉ። ቁጥር 18 የዱር ወይራ በተቈረጡት ላይ እንዳይመካ ያዝዛል። ይህ ትእዛዝ ለብዙ መቶ ዓመታት ተረስቶ ነበር፤ ሉተር በ1543 በአይሁድ ላይ የጻፈው ምኵራቦቻቸው እንዲቃጠሉ እስከ መምከር ይደርሳል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አይሁድ የተጣሉና የተረገሙ ተደርገው እንዳይቀርቡ በግልጽ ያወጀችው በ1965 በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ነው። ስለዚህ «መተካት» የሚለውን ቃል ሲሰሙ የሚደነግጡ ሰዎች የሚደነግጡት በምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ እስራኤልና ቤተ ክርስቲያን ሁለት የተለያዩ ሕዝቦች ናቸው የሚለው ትምህርት የጥንት አባቶች ትምህርት ነው?

አይደለም። በዛሬው መልኩ ያቀናጀው ጆን ኔልሰን ዳርቢ (1800-1882) ነው፤ በሰፊው ያሰራጨው ደግሞ በ1909 የታተመው የስኮፊልድ ማጣቀሻ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። ዲስፔንሴሽናሊዝም ይባላል። ከቤተ ክርስቲያን ንጥቀት (ምእመናን ወደ ጌታ ከሚነጠቁበት) በኋላ እግዚአብሔር ከእስራኤል ጋር ያለውን ዕቅድ ይቀጥላል የሚለው ከዚያ ነው።

ሁለት ነገሮች ግን መለየት አለባቸው። የሺህ ዓመቱን መንግሥት ቃል በቃል መጠበቅ ከዳርቢ እጅግ ይቀድማል፤ ዮስጢኖስ ሰማዕትና ሄሬኔዎስ በሁለተኛው ክፍለ ዘመን ያስተምሩት ነበር። ሆኖም ያው ዮስጢኖስ እውነተኛው እስራኤል ክርስቲያኖች ናቸው ይላል። አይሁድ በብዛት ያምናሉ የሚለው ተስፋም ከዳርቢ በፊት በአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን ፒዩሪታኖች (የእንግሊዝ ፕሮቴስታንቶች) ዘንድ የጸና ነበር። «ሺህ ዓመት»፣ «የአይሁድ መዳን»፣ «የምድር ተስፋ» ሦስት ጥያቄዎች ናቸው፤ በአንዱ ላይ የሚስማሙ ሰዎች በሌላው ሊለያዩ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ የዳንኤል 9 ሰባ ሱባኤ እስከ ቀኑ ድረስ በትክክል ይሰላል ይባላል። ስሌቱን ብታሳዩን?

ሰባ ሱባኤ ማለት 70 ጊዜ 7፣ ማለትም 490 ዓመት ነው። ክፍሉ በሦስት ይከፍለዋል፦ 7፣ 62 እና 1። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ 69 ሱባኤ፣ 483 ዓመት ይሆናሉ።

ቁጥር 25 መነሻውን «ኢየሩሳሌምን ለመጠገንና ለመሥራት ትእዛዙ ከሚወጣበት» ይላል፤ ግን የትኛው ትእዛዝ? ከ538ቱ የቂሮስ አዋጅ ብንነሣ 483 ዓመቱ 55 ከክርስቶስ ልደት በፊት ላይ ይደርሳል፤ በዚያ ዓመት የምናውቀው መሲሕ የለም። ከአርጤክስስ ሰባተኛ ዓመት (ዕዝራ 7፣ 457 ከክርስቶስ ልደት በፊት) ብንነሣ 27 ዓ.ም. ይሆናል፤ ይህም ለጌታ ጥምቀት ይቀርባል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው በአንድ ዓመት ይስታል፤ 483 ላይ 457 ቀንሶ 26 ይላል። በ1 ከክርስቶስ ልደት በፊት እና በ1 ዓ.ም. መካከል ዜሮ ዓመት ስለሌለ አንድ ይጨመራል። ከአርጤክስስ ሃያኛ ዓመት (ነህምያ 2፣ 445) ብንነሣ ደግሞ 39 ዓ.ም. ይሆናል፣ ይህ ደግሞ ይዘገያል።

«እስከ ቀኑ ድረስ» የሚባለው ይህን መዘግየት ለማረም የመጣ ስሌት ነው። ሰር ሮበርት አንደርሰን በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አንድን ዓመት 360 ቀን አድርጎ 483 ጊዜ 360፣ 173,880 ቀን አገኘ፤ ይህም ወደ 476 የፀሐይ ዓመት ይሆናል። ከማርች 14 ቀን 445 ተነሥቶ ኤፕሪል 6 ቀን 32 ዓ.ም. ላይ ደረሰ። ለ360ው መሠረቱ ራእይ ነው፤ 42 ወር ከ1,260 ቀን ጋር ይመሳሰላል። ችግሩ፣ አይሁድ በየጥቂት ዓመቱ ተጨማሪ ወር እየጨመሩ ዓመታቸውን ከወቅቶች ጋር ያስተካክሉ ነበር፤ ለ483 ዓመት በ360 ቀን የኖረ ሰው የለም። ስቅለቱንም አብዛኞቹ አጥኚዎች በ30 ወይም በ33 ዓ.ም. ያደርጉታል እንጂ በ32 አያደርጉትም። መልሱ አስቀድሞ ታውቆ መንገዱ በኋላ የተሠራ ይመስላል።

ሌላው ክርክር በመጨረሻው ሱባኤ ላይ ነው። ዲስፔንሴሽናሊስቶች ከ69ኛው በኋላ ሰዓቱ ቆሟል፣ 70ኛው በሐሳዌ መሲሕ ዘመን ይቀጥላል ይላሉ። ከቁጥር 26 ብዙ ነገር ከ62ቱ ሱባኤ «በኋላ» መሆኑ እውነት ነው፤ ግን ክፍተቱ እስካሁን ከ490ው ዓመት አራት እጥፍ ረዝሟል፤ ክፍሉም ስለ ክፍተት በግልጽ አይናገርም። ሱባኤው ሳይቋረጥ በክርስቶስ አገልግሎት ተፈጸመ የሚሉትም የራሳቸው ችግር አለባቸው፤ ከስቅለቱ በኋላ ሦስት ዓመት ተኩል ላይ ሱባኤውን የሚዘጋ ነገር ክፍሉ አይነግራቸውም፣ በ70 ዓ.ም. የሆነው የከተማይቱ ጥፋትም ከ490ው ውጭ ይቀራል። ሦስተኞቹ ሁሉንም በ167 ከክርስቶስ ልደት በፊት ቤተ መቅደሱን ባረከሰው በሶርያው ንጉሥ በአንጥያኮስ ኤጲፋንስ ይፈጽሙታል፤ እነርሱ ደግሞ ጌታ በማቴዎስ 24፥15 የጥፋትን ርኩሰት ወደፊት እንደሚመጣ አድርጎ ለምን እንደ ጠቀሰ መመለስ አለባቸው። ከስሌቶቹ ሁሉ ጥቂት ማስተካከያ የሚጠይቀው የ457ቱ ነው ብለን እናምናለን። ቀን እስከ መቍጠር ግን አያደርስም።

ጥያቄ፦ «ይህ ትውልድ አያልፍም» የሚለውን ከ1948 ብንቈጥር ጊዜው አላለፈም?

ቃሉ የተነገረው ከበለስ ምሳሌ ጋር ነው (ማቴዎስ 24፥32-34)። በለሲቱ እስራኤል ናት፣ ትውልድ 40 ዓመት ነው፣ 1948 ሲደመር 40፣ 1988 የተባለው ስሌት በዚያ ዓመት ወደቀ። ከዚያ ትውልዱ 70፣ 80 ተደረገ፤ መነሻውም እስራኤል ምሥራቅ ኢየሩሳሌምን ወደ ያዘችበት ወደ 1967 ተገፋ። ስሌቱ እንደዚህ እየተለጠጠ የሚኖረው መነሻው ደካማ ስለሆነ ነው። ኤርምያስ 24 እስራኤልን በበለስ መመሰሉ ልክ ነው፤ ሉቃስ 21፥29 ግን «በለስንና ዛፎችን ሁሉ እዩ» ይላል። ዛፎች ሁሉ ከገቡበት ምሳሌው የወቅት ምልክት ነው፣ የአንድ ሕዝብ ምሥጢር አይደለም።

ጥያቄ፦ ሕዝቅኤል 38፥5 ከጎግ ጋር የሚዘምቱትን ሲዘረዝር ኢትዮጵያንም ይጠራል። አገራችን እስራኤልን ልትወጋ ነው ማለት ነው? ጎግስ ሩሲያ ናት?

በዕብራይስጡ የተጻፈው «ኩሽ» ነው፤ ብሉይ ኪዳንን ወደ ግሪክ የመለሱት ሰባ ሊቃናት «ኢትዮጵያውያን» ብለው ተርጕመውታል፣ የእኛም መጽሐፍ ተከተላቸው። ሕዝቅኤል ራሱ በ29፥10 የኩሽን ድንበር ከሴዌኔ ያያይዛል፤ ይህም የዛሬዋ አስዋን ናት። ስለዚህ ነቢዩ የሚያየው ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን የናፓታና የሜሮዌን ግዛት ነው። በመዝሙር 68፥31 «እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» የተባለችውም በዚሁ ቃል ነው የተጠራችው። አንዱን ለዛሬዋ አገር ወስዶ ሌላውን መተው አይቻልም፤ አተረጓጐማችን በሁለቱም ቦታ አንድ ይሁን።

ሩሲያን በተመለከተ፣ በ38፥2 ከጎግ ጋር ከተጠሩት ሞሳሕ ሞስኮ ነው፣ ቶቤል ቶቦልስክ ነው የሚባለው በድምፅ መመሳሰል ብቻ ነው። ሁለቱም በአሦራውያን ጽሑፎች የሚታወቁ የአናቶልያ (የዛሬዋ ቱርክ) ሕዝቦች ናቸው። በዚያው ቁጥር ያለው «ሮሽ» የሚለው የዕብራይስጥ ቃል «ራስ፣ ዋና» ማለት ነው፤ ሰባ ሊቃናት እንደ አገር ስም ወሰዱት። የሩስ ስም ግን በታሪክ የሚታየው ከሕዝቅኤል በኋላ ከሺህ ዓመት በላይ አልፎ ነው።

ቃል በቃል እናነባለን የሚሉ ሰዎች ሊያስቡበት የሚገባ ነገር፦ በ39፥9 ቀስት፣ ፍላጻ፣ ጋሻ ተሰብስቦ ለሰባት ዓመት ማገዶ ይሆናል። ቀስቱን ሚሳይል፣ ፈረሱን ታንክ ያደረገ ሰው ቃል በቃል ማንበቡን ትቷል። ራእይ 20፥8 ደግሞ ጎግንና ማጎግን «በአራቱም በምድር ማዕዘን» ላሉ አሕዛብ ሁሉ ስም አድርጎ፣ ከሺህ ዓመቱ በኋላ ያስቀምጣቸዋል።

ጥያቄ፦ ቀይ ጊደሮች ወደ እስራኤል ገቡ ተባለ። ሦስተኛው ቤተ መቅደስ ሊሠራ ነው?

በሴፕቴምበር 2022 አምስት ቀይ ጊደሮች ከቴክሳስ በአውሮፕላን መጥተዋል፤ ይህ እውነት ነው። ዘኍልቍ 19 ነውር የሌለባት፣ ቀንበር ያልተጫነባት ጊደር ከሰፈር ውጭ ከዝግባ፣ ከሂሶጵና ከቀይ ግምጃ ጋር እንድትቃጠል ያዝዛል፤ አመዷ ከምንጭ ውኃ ጋር ተቀላቅሎ፣ ሬሳ ነክቶ የረከሰውን ሰው ለማንጻት በሦስተኛውና በሰባተኛው ቀን ይረጫል። በሚሽና (በአይሁድ የቃል ሕግ ስብስብ) ሥርዓት ከአንድ ሥር የበቀሉ ሁለት ጥቁር ወይም ነጭ ጠጕሮች እንኳ ጊደሪቱን ያሰናክላሉ። ጊደር መገኘቱ ከቤተ መቅደስ መሠራት ጋር አንድ አይደለም።

በክርስቲያኖች መካከል ያለው ጥያቄ ግን ከዚህ ይጠልቃል። 2ኛ ተሰሎንቄ 2፥4 የዓመፅ ሰው «በእግዚአብሔር ቤተ መቅደስ» ይቀመጣል ሲል፣ ጳውሎስ የተጠቀመበት ቃል በ1ኛ ቆሮንቶስ 3፥16 ምእመናንን የጠራበት ቃል ነው። የሕዝቅኤል 40-48ን ቤተ መቅደስ ወደፊት የሚጠብቁ ሰዎች ደግሞ መሥዋዕቱ መታሰቢያ ብቻ ነው ይላሉ። 45፥15 እና 17 «ለማስተስረያ» ይላል። ስርየት ካለ ከእንግዲህ የኃጢአት መሥዋዕት የለም የሚለውን ዕብራውያን 10፥18ን በአንድ እጅ ይዞ ይህን ቃል በቃል ማንበብ ከሁሉ የከበደ ሥራ ነው፤ እስካሁን የሚያረካ መልስ አላነበብንም።

ጥያቄ፦ «የሚባርኩህን እባርካለሁ» ስለሚል፣ የእስራኤልን መንግሥት የሚነቅፍ ክርስቲያን ይረገማል?

ዘፍጥረት 12፥3 ለአብርሃም የተነገረ ነው፤ ዘኍልቍ 24፥9 ለእስራኤል ይደግመዋል፤ ገላትያ 3፥8 ደግሞ የበረከቱን ፍጻሜ ወንጌል ይለዋል። የአይሁድን ሕዝብ መጥላት ከዚህ ቃል ጋር እንደሚጋጭ አንጠራጠርም። መንግሥትን መንቀፍ ግን መርገም ከሆነ ኤርምያስና አሞጽ በመጀመሪያ የተረገሙ ይሆናሉ። ኤርምያስ 7፥5-7 በምድሪቱ መኖርን መጻተኛን ካለመግፋትና ንጹሕ ደም ካለማፍሰስ ጋር ያስራል። ዘሌዋውያን 25፥23 ምድሪቱ የእግዚአብሔር እንደ ሆነች፣ እስራኤልም በእርሱ ዘንድ እንግዶች እንደ ሆኑ ይናገራል። የምድርን ተስፋ ቃል በቃል የሚያነብ ሰው ሕዝቅኤል 47፥22-23ንም ቃል በቃል ያንብብ፤ መጻተኞች ከእስራኤል ነገዶች ጋር በዕጣ ርስት ይካፈላሉ። ይህን ክፍል በትንቢት ስብከቶች ውስጥ ሲጠቀስ የምንሰማው ከስንት አንዴ ነው፤ ያሳዝነናል።

ጥያቄ፦ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ቡድናችን በዚህ ርእስ ሁለት ጊዜ ተጣልቶ ተበተነ። እንዴት እናጥና?

ከሕዝቅኤል 38 የጀመራችሁ ይመስለናል። ከሮሜ 9-11 ጀምሩ፤ ሦስት ሳምንት፣ በሳምንት አንድ ምዕራፍ፣ 90 ደቂቃ። የመጀመሪያዎቹን 20 ደቂቃዎች ምዕራፉን ድምፅ አውጥታችሁ ሁለት ጊዜ አንብቡ፤ አስተያየት የለም። ከዚያ ወረቀት በሦስት ዐምድ ክፈሉ፦ ጽሑፉ የሚለው፣ ሌላ የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ስለዚህ የሚለው፣ እኛ የደመደምነው። ጠብ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ የሦስተኛው ዐምድ ነገር በመጀመሪያው ሲጻፍ ነው። «ቤተ ክርስቲያን» ወይም «1948» የሚል ቃል በመጀመሪያው ዐምድ ካያችሁ ወደ ሦስተኛው አዛውሩት።

በአንድ ስብሰባ ከአንድ ክፍል በላይ አትውሰዱ፤ ጥቅስ በጥቅስ ላይ መደራረብ የተናጋሪውን ጉልበት ይጨምራል እንጂ ማስተዋልን አይጨምርም። የዕለቱን ዜና የሚያነሣ ሰው ካለ ለመጨረሻዎቹ 15 ደቂቃዎች ይቆየው። በሦስተኛው ሳምንት እያንዳንዱ የማይስማማበትን አመለካከት ለአምስት ደቂቃ ያቅርብ፤ ባለ አመለካከቱ «አዎ፣ የምለው ይህንን ነው» እስኪል ድረስ ወደ ክርክር አትግቡ። ከሮሜ በኋላ ኤርምያስ 31፥31-37ን ከዕብራውያን 8 ጋር ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንብቡ፤ አዲሱ ኪዳን የተሰጠው «ለእስራኤል ቤትና ለይሁዳ ቤት» ሆኖ ሳለ የዕብራውያን ጸሓፊ ለማን እንደሚጠቅሰው ጠይቁ። ሕዝቅኤል 38 እስከ ስምንተኛው ሳምንት ይቆይ።